ጣሪያችንን ገልጦ የጠፋው አናጢ

አናጢው ቤታችን ጣሪያ ላይ የወጣው በመጋቢት መጨረሻ፣ ሁዳዴ እየተገባደደ ሳለ፣ ሰኞ ጧት ነበር። እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማዬን ሳስር፣ እሱ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣና ጥላሸት የጠጣውን የሣር ክዳን እየመዘዘ ወደ ግቢው ይወረውር ጀመር። አባቴ ደጅ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ አንጋጠው ያዩታል።

«ቀስ በል እንጂ! ሁሉንም ባንድ ቀን ማውረድ ምን ያስፈልጋል?» አሉት።

«አባቴ፣ ሐሳብ አይግባዎ! ለፋሲካ የሚፈስኩት በቆርቆሮ ቤት ነው» አላቸው።

ድምፁ ደስ ይላል። ሲናገር የሚታመን ዓይነት ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ ሚስማር በከንፈሩ ነክሶም የሚስቅ። እኔም አመንኩትና ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቤታችን ራሱን ተላጭቶ ጠበቀኝ። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ከግድግዳው የተንጠለጠሉት የአባቴ የብራና መጻሕፍት፣ ሁሉም ሰማይ ያያቸዋል። እልፍኝ ውስጥ ቆሜ አንዲት ጭልፊት ስታንዣብብ አየሁ። አናጢው እጁን እየታጠበ፣ «ነገ በማለዳ ወራጅ እንጨቱን ይዤ ከተፍ ነው» አለና ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም። በበነጋውም አልመጣም።

በዚያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ታናሽ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ያኔ ዓይናቸው እየደከመ፣ ጉልበታቸውም እምቢ እያላቸው ነበር። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣሩን የሚጠግነው ወንድሜ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስትና ሳፋ ወለሉ ላይ እየደረደርን ከጠብታ ጋር ስንሯሯጥ ከረምን። ቆርቆሮ እናልብሰው ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ «ዝናብ ሲመታው ይጮሃል፤ ጸሎት አያስደርስም» ብለው ብዙ ተከራከሩኝ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አሉ።

ቆርቆሮውን የገዛነው ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሱቅ ካለው፣ የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ከሆነ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ሥራውን ለማን እንደሰጠሁ ስነግረው የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ።

«እጁ ጥሩ ነው» አለኝ። «ወላሂ፣ ከሱ የተሻለ አናጢ እዚህ አገር የለም። እግሩ ነው እንጂ አንድ ቦታ አይቆምም።»

እኔ ስለ እጁ ያለውን ብቻ ሰማሁ።

ሐሙስ ዕለት ተማሪዎቼን እንደለቀቅኩ በቀጥታ ወደ አናጢው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ደጅ ላይ ገብስ አስጥታ ታገላብጣለች። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «እርስዎም በጣሪያ ነው የመጡት?» አለችኝ። ስንቱ ሰው እንደሚመላለስባት ያኔ ገባኝ። «ጋፋት ወርዷል» አለችና ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ጋፋት ቅርብ ነው። በእርሻው መሐል በሚያልፈው የእግር መንገድ ተጣድፌ ሄድኩ። ገና ከሩቅ፣ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ ሣር ወደ ታች ሲወረውር አየሁ። አካሄዴን ሳላዘገይ እሱ መሆኑን አወቅኩት። የሌላ ሰው ቤት እየገለጠ ነው።

«ጋሼ!» አልኩት ከታች ሆኜ። «ምነው? የኛን ቤት ሜዳ ላይ ጥለው እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ውይ እቴ! ልመጣ ስል እኮ ነው የመጣሽው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የእፍረት ምልክት የለም። «እንጨቱ እርጥብ ሆኖብኝ ነው። እስኪደርቅ ብዬ እንጂ። ነገ በጧት ካላገኘሽኝ ከሰው አትቁጠሪኝ።»

የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ እርሻዋን በዘመድ እያሳረሰች የምትኖር ጠንካራ ሴት ነበረች። ወገቧን ታጥቃ የወረደውን ሣር ትሰበስባለች። ወደ እኔ ቀረብ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ ዘንድ መቼ ነው የጀመረው?» አለችኝ።

«ሰኞ።»

«እኔ ዘንድ ዛሬ።»

«እንግዲያው ሳይወርድ መሰላሉን ደብቂበት» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም።

በማግስቱ እውነትም መጣ። ከአዲሱ እንጨት ጥቂቱን ወጋግራው ላይ አሰረ፤ ለካ፣ ቆረጠ፣ አፏጨ፤ አባቴን አሳቃቸው። ምሳ ሲደርስ፣ «ሚስማር አነሰኝ፤ ብቅ ብዬ ልመለስ» አለ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩበት። እሱም መጋዙን አንስቶ በሁለት እጁ እንደ መስቀል አድርጎ ሰጠኝ።

«እንኪ፣ መጋዜ እዚሁ ይቀመጥ። አናጢ ያለ መጋዝ የት ይሄዳል?»

መጋዙን ተቀብዬ ከሣጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ሌሊቱንም ተዝናንቼ አደርኩ። በሁለተኛው ቀን ነጋዴው ሱቅ በራፍ ሳልፍ ጠርቶኝ፣ «አናጢሽ አዲስ መጋዝ ተውሶ ከላይ ሰፈር ይሠራል» አለኝ። የኛ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ጥርሱ ያለቀ አሮጌ መጋዝ ኖሯል።

ፋሲካን ከነጋዴው በተዋስነው የዕቃ መሸፈኛ ሸራ ሥር ፈሰክን። ሸራው አልጋውንና መጻሕፍቱን ያስገባንበትን ሣጥን እንጂ ግድግዳውን አይሸፍንም። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ክፍል ውስጥ ማባዛት ሳስተምር፣ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቹ በእኔ ፊት ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ማባዛቱን ትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደወል ሳይደወል ወጣሁና ሮጥኩ። በረዶው መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ነጠላዬን ራሴ ላይ ደርቤ ስደርስ አባቴ እቤታቸው ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጃንጥላ ዘርግተዋል። ዳዊታቸው በጉልበታቸው ላይ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በረዶው ከጃንጥላው ላይ እየነጠረ ወለሉ ላይ ይበተናል።

«ልጄ፣ ለምን ሮጥሽ? ገብተሽስ ምን ትሠሪለታለሽ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ምንም አልሠራለትም። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከጥግ ጥግ እየተመላለስኩ ግድግዳው ሲቀልጥ አየሁ። ጭድ የተቦካበት ጭቃ ክዳን ከሌለው ዳቦ ወተት ውስጥ እንደ መንከር ነው፤ በአንድ ወገን ያለው ተንዶ የውስጡ ማገር እንደ ከብት ጎድን ወጣ።

ጭቃ መራጊ ፈልጌ አመጣሁ። ሰውዬው ግድግዳውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣ «ጣሪያ ሳይኖረው ብመርገው ነገ ይወርዳል። መጀመሪያ ይከደን» አለ። አናጢውን ገበያ ውስጥ ሰው ከብቦት ሳገኘው ደግሞ፣ «እንዲህ በተናደ ግድግዳ ላይ ጣሪያ ብጭን እናንተው ላይ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ይመረግ» አለኝ። ሁለቱን በአንድ ቀን እቤት ለማገናኘት ስንት እንደተመላለስኩ! አንዱ ሲመጣ ሌላው ቀረ። አንድ ጊዜ ሁለቱም መጡና እርስ በርሳቸው ተሰዳድበው፣ የጋራ ጠላታቸው እኔ የሆንኩ ይመስል ሁለቱም ጥለውኝ ሄዱ። አባቴ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባል ነበር። ይሄስ ሰውዬ ዱሩን ሙሉ ነው የወጣው» አሉ።

እንቅልፍ ከራቀኝ ቆየ። ምግብ ቆሜ ነው የምበላው። መንገድ ላይ መዶሻ ሲመታ ከሰማሁ ሳልወድ ወደዚያው አቀናለሁ። ከሩቅ ጣሪያ ላይ ሰው ካየሁ እጠራዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሆኖ አፍሬ እመለሳለሁ። ተማሪዎቼ እኔን አስመስለው በመስኮት ሰማይ ሰማይ ማየት ጀምረው ነበር።

በመጨረሻ ቀበሌ ሄጄ ከሰስኩት። የቀበሌው ሊቀ መንበር በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጓድ አስተማሪ፣ የሰፊውን ሕዝብ ንብረት እያፈረሱ መጥፋት አሻጥር ነው» አለ። «አስጠርተነው ሥርዓት እናስይዘዋለን።»

አብዮት ጠባቂዎች በማግስቱ አመጡት። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ሊቀ መንበሩ የቀበሌውን የስብሰባ አዳራሽ በርና አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ አዘዘው። «የሕዝብ ሥራ ይቀድማል፤ ከዚያ ወዳንቺ ይመጣል» አለኝ። የቀበሌው ግቢ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ነው። ሳስተምር ሲልግ አየዋለሁ። በዕረፍት ሰዓት ስወጣ መላጊያውን ከፍ አድርጎ፣ «እንዴት ዋልሽ እቴ! አባታችን ደህና ናቸው?» ይለኛል። እንዲህ ቅርቤ ሆኖ አያውቅም፤ እንዲህም ርቆኝ አያውቅም።

አዳራሹ ሳያልቅ የአፈሳ ወሬ መጣ። ለጦር ሜዳ የሚሆን ሰው ከገበያም ከመንገድም ይታፈሳል ተባለ። በአንድ ቀን ከተማው ወንድ አልባ ሆነ። መራጊው ጠፋ፤ አናጢውም ጠፋ፤ የአዳራሹ በር ግማሽ ተልጎ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ።

የጋፋቷ ሴት ቅዳሜ ጧት በዱላ ተመርኩዛ እቤቴ መጣች። ገባ ብላ ሰማያችንን አየች፤ እኔም ሳልጠይቃት የሷ እንደዚያው መሆኑን ተረዳሁ።

«መሰላሉን ብደብቅበት ኖሮ!» አለች። «ሚስቱ ዛሬ ተናዳ ነግራኛለች። ጉና እናቱ ዘንድ ነው። እኔ ልሄድ ነው፤ ትመጫለሽ?»

አባቴን ለነጋዴው ቤተሰብ አደራ ሰጥቼ ተከተልኳት።

መንገዱ አቀበት ነው። እየወጣን በሄድን ቁጥር የጤፍ ማሳው ቀርቶ የገብስና የድንች ብቻ ሆነ፤ ብርዱ በነጠላ ውስጥ ገብቶ አጥንት ይነካል። የጋፋቷ ሴት ስትራመድ የምትለውን ትለማመዳለች። «እንዲህ እለዋለሁ፤ እንዲህ ሲለኝ ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ» እያለች ዱላዋን መሬት ላይ ትወጋለች። እኔ ከፊቷ እፈጥናለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። እናቱ በበጎች በረት አጠገብ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ቀጭን፣ ቀና ያሉ ባልቴት።

«እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎን ፈልገን ነው» አልኩ።

«ጣሪያ ነው?» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁም ሳቁ። «ግቡ፣ ግቡና የኔን እዩት።»

ቀና ብለን አየን። ሣሩ በስብሶ በአንድ ወገን ሰምጧል፤ እንዳይወርድ በባላ እንጨት ደግፈውታል። «ዘንድሮ እሠራልሻለሁ ማለት የጀመረው አባቱ በሕይወት ሳለ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ በረቱ ዞረው በኃይል ተጣሩ። «ና ውጣ! ወታደር አይደለም፤ ሴቶች ናቸው!»

አናጢው ከበረቱ ወጣ። ራሱ ላይ ገለባ፣ ልብሱ ላይ የበግ ጠጉር ተጣብቋል። እኛን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው አልመጣለትም።

የጋፋቷ ሴት መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ሁሉ ረስታ አንድ ነገር ብቻ አለችው። «ለምን? ከማትጨርሰው ለምን ትገልጠዋለህ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገለባውን ከራሱ እየለቀመ ቆየና እኔን አየኝ።

«መጀመሪያ እምቢ ማለት አላውቅም ነበር፤ ለሁሉም እሺ እላለሁ። አሁን ግን አውቄ ነው» አለ። «ሥራዬን ጨርሼለት የሄድኩ ሰው ሁሉ ሲያፍሱኝ ቆሞ ያያል። ጣሪያው ያላለቀለት ሰው ግን አሳልፎ አይሰጠኝም። ሊቀ መንበሩ ራሱ ወጥ ቤቱ ተገልጦ ነው ያለው። ባለፈው ዓመት መኪና ላይ ከጫኑኝ በኋላ ያስወረደኝ እሱ ነው። ለኔ ብሎ መሰለሽ? ለወጥ ቤቱ ነው።»

«ወንድሜን ከገበያ ነው ያፈሱት። እሱ ለማንም ጣሪያ አልጀመረም ነበር» አልኩት።

ገለባውን ወደ መልቀም ተመለሰ። የጋፋቷ ሴት ግን ተነሣች። «እንግዲያው እኔ ራሴ ወርጄ የት እንዳለህ እጠቁማለሁ! እኛን ዝናብ እየበላን አንተ በኛ ልትደበቅ?»

እናቱ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። ጎንበስ ብለው የቀሚሷን ጫፍ ያዙ። የጋፋቷ ሴት ደንግጣ እጃቸውን አስለቀቀች፤ ጉልበታቸውንም ሳመች። «እሜቴ፣ አፌ ነው፤ አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። እኔስ እናት አይደለሁም?» ትላለች። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወደ ገብሱ ዞሬ ቆምኩ። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜ የወጣሁት ቁጣ የት እንደማኖረው ጠፋኝ። ሰውዬውን መጥላቴን አልተውኩም፤ ግን ፍርሃቱ የወንድሜ ፍርሃት ነበር፤ ያንን ለይቼ መጥላት አቃተኝ።

እዚያው አደርን። ጧት ከመነሣታችን በፊት፣ «እኛ ቤት ይመጣሉ፤ እስኪያልቅ ከግቢያችን አይወጡም። ማንም ቢጠይቅ አባቴ ይመልሳሉ» አልኩት። የጋፋቷ ሴት እህቷ ዘንድ መጠጋት ስለምትችል ተራውን ለኔ ለቀቀችልኝ። እናቱም ዱላቸውን አንስተው፣ «ሂድ! የሰው ቤት ከፍተህ አትተኛ» አሉት። አብሮን ወረደ።

የተናደውን ግድግዳ ለጊዜው በባላ እንጨት ደግፎ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከጠፋበት ጊዜ ይልቅ አስጨነቀኝ። መዶሻው ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ሆኜ ድምፁን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ማን ሌላ እየሰማው ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ድምፁ ሲቆም ተወሰደ ወይስ አመለጠ እላለሁ። በየዕረፍቱ እየሮጥኩ እመጣና በአጥሩ ቀዳዳ አይቼው እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ለምሳ እቤት ሳለሁ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ገቡ። አናጢው የጣሪያው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ነበር፤ የሚሸሽበት ቦታ የለም።

«ማነው እዚያ ላይ ያለው?» አለ አንደኛው።

አባቴ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «ጣሪያዬን የሚሠራልኝ ነው። ልጄን ወስዳችሁ የሚወጣልኝ ሰው ጠፋ። ይሄን ደግሞ ከወሰዳችሁ ከእናንተ አንዳችሁ ውጡና ጨርሱልኝ» አሉ።

ጠባቂው ከባልደረባው ጋር ተያየ። የጠባቂነት ፊቱን ለመያዝ ቢሞክርም ከንፈሩ በፈገግታ ሸሸበት። «መሪጌታ፣ እኛስ ልንወስደው አልመጣንም» አለ። «ሊቀ መንበሩ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው ነው። ‹ሲጨርስ ወደኔ ይምጣ፤ ወጥ ቤቴ ዝናብ እየገባበት ነው በሉት› ብለው ነው የላኩን።»

ከሄዱ በኋላ አናጢው መዶሻውን አንስቶ ሚስማሩን ሳተው። እንደገና ሞክሮ ሳተ። ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ እጁን በብብቱ ሥር አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ቀዘቀዘ። ትናንት የመታውን ሚስማር ዛሬ ይነቅላል፤ ጠማማ ነው ይላል። ቆርቆሮውን ያነሣል፣ ያስተካክላል፣ እንደገና ያነሣል። መጨረስ እንደፈራ ገባኝ። እኔ ደግሞ ሰኔ እየገባብኝ ነበር። አባቴ ከታች ሆነው፣ «ልጄ፣ ጣሪያ የነፍስ መያዣ አይሆንም። የያዘህ እሱ አይደለም» ይሉታል። እሱም፣ «አውቃለሁ አባቴ፤ እስካሁን ግን ይዞኛል» ይላቸዋል።

የጨረሰው ደመናው ባስገደደው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል የመጣው ጥቁረት ከሌላው ጊዜ የከፋ ነበር። አባቴ ለማንም ሳይናገሩ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ በርጩማቸው ሄዱ። አናጢው ከላይ በክፍተቱ አያቸው፤ ጃንጥላውን ሲዘረጉ፣ ዳዊቱን ሲጠቀልሉ። «አቀብይኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮ እያነሣሁ ስሰጠው፣ ነፋሱ እንደ ሸራ እያንገዳገደን፣ እሱ በሁለት ምት አንድ ሚስማር እየደፈነ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዝናቡ ሲጀምር የጣሪያው ክፈፍ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃ በጀርባው እየወረደ የመጨረሻውን ቆርቆሮ መታ።

ስንገባ የዝናቡ ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። አባቴ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ አልሰማንም። አናጢው ቀረብ ብሎ፣ «ምን አሉ?» አለ በጩኸት። «ይጮሃል ብዬ ነበር!» አሉት እሳቸውም በጩኸት፤ ጃንጥላቸውን ግን አጥፈውት ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ክረምት ስስቅ የማስታውሰው ያንን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ጋፋት ሄዶ የሴትየዋን ቤት ወራጅ እንጨት እስከ መምታት ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ግን ከዚያ አስነሥቶ ወደ ወጥ ቤቱ ወሰደው። ክረምቱ ሲከፋ የጋፋት ጎረቤቶች በደቦ ወጥተው የሴትየዋን ቤት መልሰው በሣር ከደኑላት። ግድግዳችንን ሌላ መራጊ መጥቶ መረገው። የሊቀ መንበሩ ወጥ ቤት ለዘመን መለወጫ አለቀ፤ እንከን አልነበረበትም ይላሉ።

በጥቅምት አናጢው ሐሙሲት ገበያ ላይ ታፈሰ። ሚስቱ ሊቀ መንበሩ ደጅ ስትመላለስ ሰነበተች። የበላይ ትእዛዝ ነው፤ ምንም ማድረግ አልችልም ብሎ መለሳት።

እናቱ ከጉና ወርደው እኛ ቤት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ወሬ ሰምታችሁ እንደሆን ብለው ነው። አባቴ የራሳቸውን ልጅ ወሬ እንዳልሰሙ ነገሯቸው፤ ሁለቱ አረጋውያን ስለ ልጆቻቸው ሕፃንነት ሲያወሩ ዋሉ። እሜቴ በመሐል ቀና እያሉ ልጃቸው የመታውን ጣሪያ በዓይናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉታል። ሲሄዱ ሸኘኋቸው። አቀበቱ ሥር ስንደርስ፣ «በቃሽ፣ ተመለሽ፤ አባትሽ ብቻቸውን ናቸው» አሉኝ። እኔ ግን እስከሚርቁ ድረስ ቆምኩ።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወንድሜ ከስቶ፣ እግሩ በመንገድ ቆስሎ ተመለሰ። አናጢውም ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ፤ ደብረ ታቦር ግን አልኖረም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሐሙሲት ላይ ቆምን። በመስኮት ሳይ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው አልጋና በር ሠርቶ ደርድሮ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እንጨት ይልጋል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ግን እሱ ነው፤ ሚስማር በከንፈሩ ነክሷል። አጠገቡ መሰላል አልነበረም። ልወርድ ተነሣሁ፤ ምን እንደምለው ግን አላወቅኩም ነበር። ረዳቱ በሩን መታ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ቆሜ፣ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዤ፣ አንገቴን አዙሬ ሳየው ከመንገዱ መታጠፊያ ደረስን።